ከዕርቅ በፊት መስማት

(በአርሲ ነገሌ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የሰው ልቡና ሰላም በፍርድ አደባባይና በዕለት ተዕለት ኑሮ የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ በመሆኑ ሁሉን እንንካ ብንል አንዱንም አንጨብጥም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይዘን እንቆያለን፤ እርሱም መስማት ነው። በየአጥቢያው የተጣሉትን ለማስታረቅ የሚደክሙ፣ ከእርሻቸውና ከንግዳቸው ቀን ሰርቀው ለሽምግልና የሚቀመጡ ሰዎች አሉ። ይሁንና ብዙ ዕርቅ በወራት ውስጥ ይፈርሳል። በፍርድ ቤት የረታውም ሰው ፍርዱን በኪሱ ይዞ ቁጣውን በልቡ ተሸክሞ ሲኖር ይታያል። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ደጋግሞ የሚገጥመው ግን ሰውየው ሳይሰማ መታረቁ፣ ሳይሰማም መረታቱ ወይም መርታቱ ነው።

አርሲ ነገሌ ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔና ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። የላንጋኖ፣ የአብያታና የሻላ ሐይቆች ቅርቧ ናቸው፤ በምሥራቅ በኩል የሙኔሳ ደን አለ። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ወላይታው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ይገበያያል፣ በአንድ ወፍጮ ቤት ይሰለፋል፣ በአንድ ለቅሶ ይቀመጣል። ጠቡም እንዲሁ በአንድ መንደር ውስጥ ያለ ጠብ ነው፤ የቦታ ወሰን፣ የውርስ ቤት፣ ያልተመለሰ ብድር፣ የባልና የሚስት ነገር።

ስለዚህች ከተማ ሲነሳ አረቄዋ አብሮ ይነሣል። የነጌሌ አረቄ ስሙ በመላው አገሪቱ የታወቀ ነው። ድፍድፉን የምትጠነስሰው፣ ከማገዶው ጢስ ጋር የምታድረው ግን በአብዛኛው ሴት ናት፤ ብዙዎቹም ቤታቸውን የሚያስተዳድሩበት ሌላ ገቢ የላቸውም። ስለ ስካር ከዐውደ ምሕረት የሚሰጠው ትምህርት ተገቢ ነው። ነገር ግን ትምህርቱ በእርሷ ላይ ብቻ ሲያርፍ፣ ልጆቿን በምን እንደምታስተምር የሚጠይቃት ሳይኖር ሲቀር፣ ሴትየዋ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ትርቃለች እንጂ ከምድጃዋ አትርቅም። ባሏ ጠጥቶ ሲመታት፣ ወይም ያበደረችው ነጋዴ ሲክዳት፣ ወደ ሰበካ ጉባኤ ደፍራ አትመጣም። በጥፋተኝነት የምትታወቅበት ቦታ አቤቱታ ይዞ መሄድ ይከብዳታልና። እንግዲህ ማን ይሰማል ብለን ስንጠይቅ ማን ደፍሮ ይመጣል የሚለውንም አብረን መጠየቅ ይኖርብናል።

የሕግ ተመራማሪዎች ይህን ነገር መርምረውታል። ቶም ታይለር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር በቺካጎ ከተማ 1575 ነዋሪዎችን ስለ ፖሊስና ስለ ፍርድ ቤት አስጠይቆ ውጤቱን በ1990 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል። ሰዎች ፍርድን የሚያከብሩት ስለ ረቱ ወይም ቅጣትን ስለ ፈሩ ብቻ እንደ ሆነ ይገመት ነበር። እርሱ ያገኘው ግን ሌላ ነው። ሰው ጉዳዩን እስኪጨርስ ተናግሮ ከሆነ፣ ዳኛው አድልዎ እንደሌለበት ካመነ፣ በአክብሮትም ከተስተናገደ፣ ቢረታም እንኳ ፍርዱን ለመቀበል የቀረበ ይሆናል። ሳይሰማ የረታ ሰው ደግሞ ንብረቱን ይዞ ቂሙን አይተውም።

በዚህ ምድር የሚኖረው የአርሲ ኦሮሞ ሕዝብ ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም፤ በሥርዓቱ ውስጥ ይዞታል። ጃርሱማ በሚባለው ሽምግልና ከሳሹም ተከሳሹም በየተራ ይደመጣል፤ አስፈላጊ ሲሆን ቀጠሮው ይረዝማል። ነፍስ በጠፋ ጊዜ ጉማ የሚባለው ሥርዓት ካሣውን ከዕርቅ ጋር ያያይዘዋል፤ ገንዘቡ ተከፍሎ ብቻ ነገሩ አለቀ አይባልም፣ ሁለቱ ወገኖች ዳግም ፊት ለፊት መተያየት እንዲችሉ ይደረጋል እንጂ። ያገባች ሴት በሠርጓ ጊዜ ከእናቷ የምትቀበለው ሲንቄ የተባለ ቀጭን በትር አለ። በደል የደረሰባት ሴት ድምፅዋን ስታሰማ ሌሎቹ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጡላታል፤ በሚጋጩ ወገኖች መካከልም ሲንቄ የያዙ ሴቶች ከቆሙ ወንዶቹ እጃቸውን እንዲሰበስቡ ሥርዓቱ ያዛል። ለእኛ ጉባኤ የምንወስደው ቁም ነገር ይህ ነው፤ የሴት አቤቱታ የራሱ ሰሚ አለው። በብዙ አጥቢያዎች ግን በሽምግልናው ወንበር ላይ የሚቀመጡት ወንዶች ብቻ ናቸው። አንዲት ሴት ስለ ትዳሯ የምትናገረውን በአምስት አረጋውያን ፊት ሙሉውን ትናገራለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ የምትናገረው ግማሹን ነው፣ ዕርቁም የሚቆመው በግማሹ ላይ ነው።

ሕጉም ለእነዚህ ሥርዓቶች በር ከፍቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንኡስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በሃይማኖት ወይም በባህል ሕጎች እንዲዳኙ ይፈቅዳል፤ የኦሮሚያ ክልልም በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 ለባህል ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጥቷል። ሕገ መንግሥቱ ግን አንድ ነገር አስቀድሟል፤ ይኸውም የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። ፈቃድ የሚለውን ቃል ይዘን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ወንድማማቾች እናታቸው ትታው ባለፈችው ግቢ ተጣሉ እንበል። ታላቁ እዚሁ ቀርቶ እናቱን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ያስታመመ ነው። ታናሹ አዳማ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ለእናቱ በየወሩ ገንዘብ ይልክ ነበር። በሕግ ፊት ሁለቱም እኩል ወራሾች ናቸው፤ ይህንን ሁለቱም ያውቁታል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ግቢውን በገመድ ለክተው ለሁለት ከፈሉት። ድንበሩ ላይ ችካል ተተከለ፣ ወንድማማቾቹ ተሳሳሙ፣ ቡና ተጠጣ። ስምንት ወር ሳይሞላ ችካሉ ተነቀለ፤ ነገሩም ከወረዳ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ሽማግሌዎቹ የለኩት መሬት ትክክል ነበር። ያልለኩት ሌላ ነገር ነበር። ታላቁ የሚፈልገው አንድ ሰው፣ በተለይም ወንድሙ፣ እናታችንን ያነሣህና ያስተኛህ ሌሊቱንም የነቃህ አንተ ነህ እንዲለው ነው። ታናሹ ደግሞ ለቀብር ሲደርስ ሥርዓቱ ተፈጽሞ ነበር፤ ለምን ሁለት ሰዓት አልጠበቁኝም የሚለው ጥያቄ በጉሮሮው ተቀርቅሮ ቀርቷል። ሁለቱም ይህንን በሽማግሌ ፊት መናገር ያፍራሉ። ስለዚህ ስለ ካሬ ሜትር ይከራከራሉ። ክርክሩን የሰማ ሰው ገንዘብ ወዳዶች ይላቸዋል፤ ሐዘንተኞች መሆናቸው ግን አይታየውም። አንድ ሰው ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጦ፣ ስለ ግቢው ሳይሆን ስለ እናታቸው የመጨረሻ ወራት ቢጠይቃቸው ኖሮ የችካሉ ነገር በግማሽ ቀን ያልቅ ነበር።

ይህ ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ከእናንተ መካከል ይህን የመሰለ ፋይል ያላየ አለ ብለን አናስብም።

ሽማግሌ ለምን ይቸኩላል? አንዱ ምክንያት መልካም ነው፤ ሰላምን ይወዳል። ሌላው ምክንያት ግን የሰው ልቅሶና ቁጣ ለሚያየውም የሚከብድ መሆኑ ነው። ተው፣ እርሳው፣ ለእግዚአብሔር ብለህ ይቅር በል የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ ተበዳዩን ለማሳረፍ ሳይሆን ሰሚውን ከሸክም ለመገላገል ይነገራል። ተበዳዩም ይህን ያውቃል። ዝም ሲል ተስማማ ይባላል።

የተቆጣ ሰው አካል የራሱ ሕግ አለው። ልቡ ይመታል፣ ጡንቻው ይወጠራል፣ አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር በደሙ ውስጥ ይበዛል፤ በዚያ ሰዓት አእምሮው አደጋን ለመመከት እንጂ ምክርን ለማመዛዘን አልተዘጋጀም። ስለዚህ በጠቡ ማግሥት ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ አሁኑኑ ተሳሳሙ ማለት ከተፈጥሮ ጋር መታገል ነው። የጥንት ሽማግሌዎች ቀጠሮ ማስረዘማቸውን ብዙዎች ነገር መጎተት ነው ይሉታል። ብዙ ጊዜ ግን ለደም መቀዝቀዣ የተሰጠ ጊዜ ነበር።

በተለይ ከበዓላት በፊት የሚደረገው ዕርቅ ሊታሰብበት ይገባል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ወይም ፍልሰታ ሲቃረብ፣ ሰዎቹ እንዲቆርቡ ሲባል የዓመት ጠብ በአንድ ከሰዓት እንዲፈታ ይደረጋል። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቃል፤ የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያያል፤ ተበዳዩ ይቅር ካላለ ክርስቲያን አይደለም ሊባል ነው። እንዲህ ባለው ሰዓት ፈቃድ የሚባል ነገር አለ ወይ? በተራራው ስብከት ጌታችን መባ ይዞ ስለ መጣው ሰው ሲያስተምር፣ ወንድሙ በእርሱ ላይ ቅያሜ እንዳለው ትዝ ካለው መባውን እዚያው ትቶ እንዲሄድ አዟል። የሚሄደው ያስቀየመው ነው፤ የተቀየመው ተጎትቶ አልመጣም። መባውም ይጠብቃል፤ ሰውየው ሄዶ እስኪመለስ ያለው ጊዜ አልተወሰነም። በወንጌለ ማቴዎስ ምዕራፍ 18 ደግሞ የመጀመሪያው ንግግር በሁለቱ መካከል ብቻ እንዲሆን፣ ምስክርና ጉባኤ ኋላ እንዲመጡ ታዟል። በእኛ ዘንድ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ከጉባኤ ይጀምራል።

ባልና ሚስትን በተመለከተ ሕጉ ራሱ የጊዜን ጥቅም ተረድቶታል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ፤ ለሽማግሌዎች የማስታረቁን ሥራ ተወላቸው። ፍቺ ሲጠየቅ ፍርድ ቤቱ ባለትዳሮቹን ያነጋግራል፣ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታዩ ሊመራቸው ይችላል፣ ይህ ካልሆነም ከ3 ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ኦሮሚያም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው።

ያ 3 ወር የማን ነው? በሕጉ የባለትዳሮቹ ነው፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ዳኛው ቀጠሮ ሰጥቶ ወደ ሌላ መዝገብ ይሄዳል፤ ሁለቱ በየቤተ ዘመዱ ተጠግተው የየራሳቸውን ወገን ሲያዳምጡ 3 ወር ያልቃል። የንስሐ አባት ቦታ ይኸው ነው። በመጀመሪያው ወር ለየብቻ፣ ሳያስታርቅ፣ ማን ልክ ነው ሳይል የሚሰማ አንድ ሰው ቢኖር ከፊሎቹ ይመለሳሉ። የማይመለሱትም ቢሆኑ ልጆቻቸውን መሣሪያ ሳያደርጉ ይለያያሉ፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ልጅ የአባቱን ስም በእናቱ ፊት መጥራት ሲፈራ ያየ ሰው ይህንን ይረዳል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ግን አንድ ወሰን አለው፤ ወሰኑንም በግልጥ ማስቀመጥ ይገባል። ድብደባ፣ አስገድዶ መድፈር፣ ጠለፋ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ለሽምግልና የሚቀርቡ ጉዳዮች አይደሉም። በ1980ዎቹ መገባደጃ በዚሁ በአርሲ ምድር አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳይዋን ይዞ ተከራከረላት፤ ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በዚያ ሥራ ውስጥ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ራሷን መከላከሏ ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። በመንደሯ ሽማግሌዎች ውሳኔ ግን ከቀዬዋ መራቅ ነበረባት። ታሪኩ ድፍረት በተባለው ፊልም ለዓለም ታይቷል። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ተጠላፊዋን ካገባ ክሱ እንዲቀር በር ይከፍት ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘግቶ ጠለፋን በአንቀጽ 587፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻን በአንቀጽ 648፣ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን በአንቀጽ 564 ወንጀል አድርጓል።

ያቺ ልጅ ከሕግ ነፃነት አገኘች፤ ከመንደሯ ግን ሰሚ አላገኘችም። ሽማግሌዎቹ የሁለቱን ወገን ሰላም ጠበቁ፤ የሰላሙን ዋጋ የከፈለችው ግን እርሷ ነበረች። ማንኛውም ሰበካ ጉባኤ ዕርቅ ሲጨርስ ይህን መጠየቅ አለበት፤ ይህ ሰላም የተገዛው በማን ነው? የተመታች ሴት ወደ ንስሐ አባቷ ስትመጣ ታገሺ የሚለው ቃል ሊገድላት ይችላል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ዛሬ ማታ የምታድርበት የሚያሰጋሽ ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። ቀጥሎ ጤና ጣቢያ፣ ፖሊስና የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ይከተላሉ፤ ብቻዋን እንዳትሄድም አብሯት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል።

ስለ 2012 ዓ.ም. ክረምት ጥቂት መናገር ግድ ይላል። ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በነበሩት ቀናት አርሲ ነገሌን ጨምሮ በብዙ የኦሮሚያ ከተሞች የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ቤትና ንብረት ተቃጠለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባወጣው የምርመራ ሪፖርት የሞቱት 123 ናቸው። በዚያው ሰዓት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን በቤታቸው የሸሸጉ ሙስሊም ቤተሰቦች እንደ ነበሩም ተመዝግቧል። ስለ ወንጀሉ መናገር የፍርድ ቤት ሥራ ነው። የእኛ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ሰላም ይባባላሉ፣ ዕቃ ይገዛዛሉ፣ ግን የቀድሞው ቡና ጥሪ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ሰው ኑና ተቃቀፉ ብሎ መሰብሰብ አይጠቅምም። በዚህ አገር የታጠፈ እግር ብዙ ጊዜ የሚዘረጋው በለቅሶ ነው። የጎረቤት እናት ስትሞት ከድንኳኑ ገብቶ ጥግ ላይ መቀመጥ፣ ሳይናገሩ ተቀምጦ መነሣት፣ በሠልስቱ መመለስ፤ ከዚህ የሚበልጥ የመጀመሪያ ቃል የለም። ሰበካ ጉባኤ ሊያደርግ የሚችለው ይህን በር ማንም ሰው ዘርና ሃይማኖት ቆጥሮ እንዳይዘጋው መጠበቅ ነው። የጎረቤቱን ቤት ከእሳት ያዳነውን ሙስሊም ወንድም ስሙን ጠርቶ ማመስገንም ይገባል። ክፉውን የምናስታውሰውን ያህል እርሱንም ማስታወስ ፍትሕ ነው።

ከጠብ ውጭ ያለ ዝምታም አለ። ከማንም አልተጣላም፤ ማኅበሩን ግን ትቷል፣ ጽዋው ሲደርሰው ሰበብ ይሰጣል፣ የዕድር መዋጮውን በልጁ ይልካል። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች 1 ብቸኝነት እንደሚያጠቃው ገልጿል። ብቸኝነት የፈረንጅ በሽታ ነው የሚሉ አሉ፤ በሰው መካከል ብቻውን የሆነ ሰው ግን በእኛም አገር ሞልቷል።

በዚምባብዌ ሐራሬ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ሥራ ለሰበካ ጉባኤ ትምህርት የሚሆን ነው። ሐኪም ስላልነበራቸው፣ ክፍልም ስላልተሰጣቸው፣ 14 አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ደጅ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የተጨነቀው ሰው ከአያቷ አጠገብ ተቀምጦ ይናገራል፤ እርሷ ትሰማለች፣ ከችግሮቹ አንዱን ራሱ እንዲመርጥ ትረዳዋለች፣ የሚቀጥለውን እርምጃ አብረው ያስባሉ፣ በሳምንቱ ይመለሳል። ኋላ በ573 ሰዎች ላይ ተጠንቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ከ6 ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የቀረባቸው ከተለመደው አገልግሎት ተጠቃሚዎች ከ100ው 50 ያህል ሲሆኑ፣ ከወንበሩ ተጠቃሚዎች ግን ከ100ው 14 ብቻ ነበሩ። አያቶች፣ አግዳሚ ወንበርና ጊዜ። ከእነዚህ ሦስቱ በአጥቢያችን የሚጎድል የትኛው ነው?

አንዳንዱ ሕመም ግን በመስማት ብቻ አይድንም። ሌሊት የማይተኛ፣ ምግብ የተወ፣ ድምፅ የሚሰማ፣ መኖር አልፈልግም የሚል ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል። ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ ብሎ በግልጥ መጠየቅ ሐሳቡን በልቡ አይዘራም፤ ብዙ ጊዜ እፎይታ ይሰጠዋል። አዎን ካለ ብቻውን አይተውም፤ በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። ጸበል እያለ ሐኪም ለምን የሚል ጥያቄ ከምእመናን መነሣቱ አይቀርም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጎን ለጎን ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ብዙ ሰው ከሞት ተርፏል። ለአእምሮ ሕመምም የካህኑ ቃል ይህንኑ ያህል ክብደት አለው። መድኃኒቱን ያቋረጠ ሕመምተኛ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያማክረው ሐኪሙን ሳይሆን ካህኑን ነው።

አሁን በየአጥቢያው ሊደረግ የሚችለውን እንናገር። ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ከጽሕፈት ቤቱ የተለየ፣ በሩ የሚዘጋ፣ የሚመለከታቸው ሰዎች ሲገቡ ግቢው ሁሉ የማያያቸው አንድ ክፍል ይፈለግ። የሚሰሙት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ አንዷ ግድ ሴት ትሁን፣ ከአረቄ አውጪዎቹ መንደር ብትሆን ደግሞ ይበልጥ ይወደዳል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ቢጨመር መልካም ነው፤ ወጣቱ ለሽማግሌ የማይናገረው ብዙ አለውና። በመጀመሪያው ቀን ዕርቅ የሚል ቃል አይነሣ። ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ ይሰሙ፤ የተባለውን ሰሚው በራሱ ቃል መልሶ ይንገራቸው፣ ልክ ነው እስኪሉት ድረስ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ለሞከረው ግን አድካሚ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ሲናገር ብዙዎች መልሳቸውን ያዘጋጃሉ እንጂ አይሰሙም። በመዝገብ ስምና ቀጠሮ እንጂ የተነገረው አይጻፍ። ለንስሐ አባት የተነገረ ምሥጢር ደግሞ በሽምግልናው ጠረጴዛ ላይ በፍጹም አይቅረብ፤ ንስሐና ሽምግልና የተለያዩ ወንበሮች ናቸው፣ የሚቻል ከሆነም የተለያዩ ሰዎች ይቀመጡባቸው።

ዕርቁ ከተፈጸመ በኋላ አንድ ሰው ተመርጦ በ3ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር ሁለቱንም ቤት ይጎብኝ። ነገሩ ተመልሶ ከሆነ ይነግሩታል፤ ካልተመለሰም ቡና ይጠጣል። የሰሚዎቹ ድካምም አይዘንጋ። የሰውን ሐዘን በየሳምንቱ የሚያደምጥ ሰው ሌሊት ይዞት ይገባል። በወር አንድ ቀን ሰሚዎቹ ብቻቸውን ተሰብስበው፣ የማንንም ስም ሳይጠሩ፣ የከበዳቸውን ለአንድ አረጋዊ ካህን ይናገሩ። ሁለት ወይም ሦስት አጥቢያዎች ይህን በጋራ ቢያደርጉት ይቀላል፤ በገበያ ቀን ከሆነ ከገጠር የሚመጡትም ይደርሳሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።